የማትሰማው የሀሮ ዲማ ስልክ

ስሙኝማ ይቺን። የሰው ወሬ አይደለችም፤ በእግሬ ሄጄ በጆሮዬ ሰምቼ የመጣኋት ናት። እናንተ ቆላ ወርዳችሁ አታውቁም፣ ወደፊትም የምትወርዱ አይመስለኝም። አውቶቡሱ በቆቦ ሲያልፍ እንኳ መጋረጃ ጎትታችሁ ነው የምትተኙት። ስለዚህ እኔ ላውራ፣ እናንተ ስሙ። ትምህርቴ ዘጠነኛ ላይ ነው የቆመው፤ የተንሻፈፈ ነገር ካያችሁ አቃኑትና እለፉ።

ጊዜው ሞባይል ወደዚያ አገር ገና ያልደረሰበት ነው። ደሴ ውስጥ የስልክ ማማ ለሚጠግን ኮንትራክተር እሠራ ነበር። ሥራዬ መውጣት ነው፤ ኢንጂነሩ ከታች ሆኖ ያስባል፣ እኔ ከላይ ሆኜ እፈታለሁ፣ አስራለሁ። ከቆቦ በስተምሥራቅ ሀሮ ዲማ የምትባል መንደር አለች። ሽማግሌዎቹ በድሮው በኦሮምኛው ቀይ ኩሬ ማለት ነው ይላሉ። እዚያ ኮረብታ ላይ አንድ ማማ ቆሟል፣ መንደሩ ውስጥ ደግሞ አንዲት የሕዝብ ስልክ አለች። ስልኳ ትናገራለች እንጂ አትሰማም። እንዲህ ሆና ዓመታት ኖራለች። አለቃችን ግን በተጠየቀ ቁጥር «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ይላል። ሂደት የሚባለው ነገር እግር የለውም መሰለኝ፣ ሲሄድ አይቼው አላውቅም።

ረቡዕ ጧት ወጣን። የደሴ ጉም አስፋልቱ ላይ ተኝቶ መኪናችን በመብራት ነው የምትሄደው። አለቃችን መስኮቱ ላይ ብቅ አለና «ያቺን የሀሮ ዲማን አይታችሁ ብቻ ኑ፤ ካልሆነች ፈታታችሁ አምጧት፣ ለሌላ ቦታ ትሆናለች» አለ። ሻዩ በእጁ ነው፣ ሻዩን ያማስላል። ኢንጂነር ብርሃኑ «እሺ» ብቻ አለ፤ ዝምተኛ ሰው ነው፣ ሲቆጣ መነጽሩን ይጠርጋል እንጂ አይናገርም። ሾፌራችን ጋሽ ታደሰ ግን እንደ እኔ ነው፤ መኪናዋን እያስነሳ «ፈታታችሁ አምጡ! የራሱን ጥርስ ይፍታ!» አለ።

ሐይቅን አለፍን፣ ውጫሌን ወረድን፣ መርሳ ላይ ብርቱካን በላን። ደሴ ብርቱካን የሚሸጠው ደርቆ ነው፤ መርሳ ላይ ስትልጠው ፊትህ ላይ ይረጫል። ወልድያን ከተሻገርን በኋላ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ጋሽ ታደሰ ኮቱን አወለቀ፣ ኢንጂነሩ እንኳ አንድ ቁልፍ ፈታ።

ጎብዬ ልንደርስ ስንል ጎማው ፈነዳ። ክሪክ አውጥተን አነሳናት፣ ቡሎኑን ፈታን፣ ስኮርታውን፣ መለዋወጫ ጎማውን፣ ስናወርድ እሱም ተንፍሷል። ጋሽ ታደሰ ስኮርታውን በእርግጫ መታና እግሩን ይዞ ቁጭ አለ። ይሄኔ ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ደረሱ። ደሴ ቢሆን ኖሮ ሰዉ ዙሪያውን ቆሞ ይመክርህ ነበር፤ «ቀስ ብለህ ብትነዳ እኮ» ይልሃል። እነዚህ አንድ ቃል ሳይናገሩ የፈነዳውን ጎማ አነሱና አህያ ላይ ጫኑት።

«ምን ልታደርጉት ነው?» አልኳቸው።

«ጎሚስታ ጎብዬ ነው ያለ፤ አህያዋ ቤቷን ታውቃለች» አለ አንዱ። «አብሽር፣ ጎማ አትበላም።»

እኔም ጎማ ከተሸከመች አህያ ኋላ ኋላ በእግሬ ጎብዬ ገባሁ። ሕፃናቱ ሳቁብኝ፤ አህያዋ ግን በጣም ኮራች። ጎማው ተለጥፎ እስኪመለስ መሸ፣ እዚያው አደርን። ያ የአህያዋ ባለቤት ቤቱ ወስዶ በሬ ከሚያስርበት ጎን ያለውን መደብ ለቀቀልን። ራት የማሽላ እንጀራ በአብሽ ወጥ ነበር። ጤፍ የለመደ አፍ መጀመሪያ ላይ ያኮርፋል፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ይታረቃል። እስከዛሬ የማሽላ እንጀራ ሲሸተኝ ያ መደብ ትዝ ይለኛል።

ሐሙስ ሮቢት ላይ ሁለተኛው መከራ መጣ። ጋሽ ታደሰ በአውቶቡሶች መሀል ሊሾልክ ሲል የአፋር ግመሎች አስፋልቱን ያዙት። ግመል ጡሩንባ አይሰማም፣ ቢሰማም ግድ የለውም። ፍሬኑን ሲረግጠው ኋላ ያለው ካርቶን ተገለበጠና የማጽጃ አልኮላችን ጠርሙስ ተሰበረ። መኪናዋ ሆስፒታል ሸተተች። ኢንጂነሩ መነጽሩን አወለቀና ጠረገ።

«አልኮል ቆቦ ይገኛል» አለ ጋሽ ታደሰ።

አልተገኘም። ቆቦ ላይ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት በባጃጅ ዞርኩ፤ አንዱ «አልቋል» ይላል፣ አንዱ «ነገ ና» ይላል። የቆቦን ሙቀት ደሞ የቀመሰው ያውቀዋል። ደሴ ሰው ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ቆቦ ሰው ጥላ ፍለጋ ከአጥር ጋር ይዞራል። የአልጋ ቤቷ ባለቤት ላባችንን አይታ አዘነች፤ «እናንተ የደጋ ሰዎች እቤት ውስጥ ከተኛችሁ ትቀልጣላችሁ» ብላ የጠፍር አልጋዎቹን ራሷ ጎትታ ግቢው ውስጥ አወጣችልን። ደሴ ውጭ ካደርክ ወይ ሰክረሃል ወይ ተባረሃል። ቆቦ ላይ ግን ክብር ነው። እንደዚያ ጥሩ አድርጌ የተኛሁበት ቀን ብዙ የለም።

ዓርብ ከአስፋልቱ ወጣን። ከዚያ በኋላ መንገድ የሚባል የለም፤ አሸዋ ነው፣ የደረቀ ወንዝ ነው፣ ማሽላ ነው። ማሽላው ከመኪናችን በላይ ቆሞ ሰማዩን ደበቀው። በየመሀሉ የእንጨት ማማ ተሠርቷል፤ ላዩ ላይ የቆሙ ሰዎች ወንጭፍ እያጮሁ ወፍ ያባርራሉ። ኋላ ሀሮ ዲማ ስንደርስ የእኛንም ብረት «ማማ» ሲሉት ገባኝ፤ ለነሱ ማማ ማለት እህል የሚጠብቅ ነገር ነው። ወንዙ ላይ መኪናዋ አሸዋ ውስጥ ሰመጠች። አንዱ ወፍ ጠባቂ ከማማው ወርዶ ጓደኞቹን ጠራና ገፉን። ሲጨርሱ ጥንቅሽ ቆርጠው በየመስኮቱ አስገቡልን። ጥንቅሽ የማታውቁ፣ አገዳው እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጥ ማሽላ ነው። አመሰግናለሁ ለማለት አፍ አልነበረንም፣ ሞልቶ ነበር።

ሀሮ ዲማ የገባነው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። የማማው ዘበኛ ሰይድ ይባላል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዱላው ከእሱ የሚረዝም ሰው። መኪናዋን ሲያይ እየሮጠ መጣ።

«መጣችሁ?»

«መጣን» አልኩት።

«ወላሂ መጣችሁ? ወይስ እንዳለፉት ሰዎች ፎቶ አንስታችሁ ልትሄዱ ነው?»

ይሄን እንደተናገረ ወደድኩት። ቤቱ ወስዶ ወተት በቅል አጠጣን፣ ማር በሳህን አቀረበ። ከዚያ ወደ ስልክ ቤቱ ወሰደን። ስልክ ጠባቂው ፀጋዬ የሚባል የእኔ እኩያ ነው፤ ክርስቲያን ነው፣ አንገቱ ላይ ማተብ አለው። ሀሮ ዲማ ላይ ግን ማን ምን እንደሆነ የሚታወቀው ስልክ ሲደወል ነው። እንዴት አትሉም?

«ቁጥሩ ይወጣል» አለ ፀጋዬ። «እኛ የምንለውም ይወጣል፣ እዚያ ይሰማል። የሚመጣው ነው የማይደርሰን። ጆሮ ላይ ብታደርገው ሿ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ። ስለዚህ ጆሯችን ላይ አናደርገውም።»

«እና ሰውየው ማንሳቱን በምን ታውቃላችሁ?»

«በጸሎት ነዋ! ቁጥሩን እመታለሁ። ክርስቲያን ከሆነ አንድ አባታችን ሆይ ይደግማል፣ እስላም ከሆነ አንድ ፋቲሃ ይቀራል። ሲያልቅ እዚያ ተነስቷል ማለት ነው፤ መናገር ይጀምራል።»

«ካልተነሳስ?»

«ጸሎቱ መች ይባክናል» አለ።

እጀታውን እንዴት እንደሚይዙትም አሳየን። ታችኛውን ጫፍ አፋቸው ፊት ያደርጉታል፣ ላይኛው ጫፍ ወደ ሰማይ ያያል። መልሱ በሰው ነው የሚመጣው፤ ከአዲስ አበባ የተመለሰ ሾፌር «ሰምቻለሁ ብሏል» ይላቸዋል። ሳቅሁ። ኢንጂነሩ ግን አልሳቀም፣ መነጽሩን ጠረገ።

በዚህ መሀል አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ሰይድ «እትዬ ሀሊማ፣ ግቡ እንጂ» አላቸው። አልገቡም። እኔን ይሁን ኢንጂነሩን ሳይለዩ፣

«ልጆቼ፣ አትልፉ። የብረቱ ነገር አይደለም፤ የኔ ነገር ነው» አሉ።

ሰይድ ኋላ ነው ያወራን። እትዬ ሀሊማ ዘሃራ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ለአንድ ባለ ግመል ሊድሯት ሲሉ ልጅቱ ቆቦ ሄጄ እማራለሁ አለች፤ ተጣሉ፤ በቁጣ «ከዛሬ ወዲያ ድምፅሽን አላህ አያሰማኝ» አሏት። ልጅቱ በዚያው አዲስ አበባ ገባች። ዓመት ሳይሞላ ማማው ተተከለ፣ ስልኩ መጣ፣ ስልኩም አልሰማ አለ። እንግዲህ ምን ያስባሉ? ረቢ፣ ፈጣሪ ማለት ነው፣ እርግማናቸውን ተቀብሎ፣ በእሳቸው ምክንያት አገር ሁሉ እንደደነቆረ ነው የሚያስቡት። አንድ ሾፌር ዘሃራ ያለችበትን ሰፈር የሱቅ ስልክ ቁጥር አምጥቶላቸዋል። በየቅዳሜው፣ በገበያው ቀን መጥተው አንድ ፋቲሃ ይቀሩና «አፉ በይኝ» ይሏታል፤ ይቅር በይኝ ማለት ነው። ያ ሾፌር አልተመለሰም፣ መልስም የለም። ልጅቱ ትስማ፣ ሱቁ ይዘጋ፣ ባለሱቁ ስልኩን ወርውሮ ይሂድ፣ የሚያውቅ የለም።

«ሰውስ ምን ይላቸዋል?» አልኩት።

«ማን ደፍሮ! ግን ሴቶች ሲጣሉ ሰምቻለሁ፤ 'እንደ ሀሊማ ስልክ አልሰማ ትዪኛለሽ' ይባባላሉ።»

የማሩን ሳህን ወደ ሰይድ ገፋሁት። አለቃችን ሻዩን ሲያማስል ታየኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ኮረብታውን ወጣን። ዞብል ተራራ ፊት ለፊታችን፣ ከታች ማሽላው እስከ ቆቦ ድረስ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ከደሴ ሆነህ የምታየው ጉም ነው፤ ከዚያ ኮረብታ የምታየው የሰው ልፋት ነው። ማማው ላይ ወጣሁ። ከዲሹ ጀርባ የታሰረችውን ሳጥን ፈታሁ፣ በገመድ አወረድኳት። ክንድ የምታህል የነሐስ ነገር ናት፣ ትከብዳለች። ኢንጂነሩ እንደ ሕፃን ተቀበላት።

«ምንድናት ግን?» አለ ሰይድ። ያን ሁሉ ዓመት ሲጠብቃት ምን እንደሆነች የነገረው የለም።

ኢንጂነር ብርሃኑ ያን ቀን ብዙ ሲያወራ አየሁት። «ያለን አንድ ዲሽ ነው» አለ። «በእሱው ይናገራል፣ በእሱው ይሰማል፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። ከዚህ የሚወጣው ሲነሳ እንደ ነጎድጓድ ነው። ከቆቦ የሚመጣው ግን መንገድ ጨርሶት እንደ ትንኝ ነው የሚደርሰው። ነጎድጓዱ ወደ ጆሮው ከገባ ትንኙን ማን ይሰማል? ይቺ ናት ሁለቱን የምትለያይ።»

ከዚያ ሳጥኗን አዙሮ አሳየን። ሁለት ባለ አራት ማዕዘን ቱቦዎች እንደ መንታ ጎን ለጎን ተጣብቀዋል፤ የጋራ ግድግዳቸው ላይ ቀዳዳዎች ተበስተዋል። ድምፁን የሚሸከመው ሞገድ ሲገባ ግማሹ በገባበት ቱቦ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ግማሹ በቀዳዳዎቹ ተሻግሮ በጎረቤቱ ይሄዳል። ጫፍ ላይ እንደገና ሲገናኙ፣ በዲሹ በር በኩል ተደጋግፈው ይወጣሉ፤ በጆሮው በር፣ የሚመጣውን በሚቀበለው በኩል ግን አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወድቃል፣ ይጠፋፋሉ። ጆሮው በር ላይ ጸጥታ ይሆናል፣ ትንኟ ትሰማለች። «ግን እኩል መሆን አለባቸው» አለ። «አንዱ ከጎደለ የሌላውን የሚያጠፋው የለም። የተረፈው ጆሮ ውስጥ ይገባል። የራሱ ጩኸት ያደነቁረዋል።»

ሰይድ ዱላውን ተደግፎ አሰበና «እንደኛ ጎርፍ ጠለፋ በለኛ» አለ። «ከዞብል ሲወርድ ለሁለት ቦይ ከፍለን ነው የምንሰደው። አንዱን ደለል ከደፈነው ያኛው ሞልቶ ቤት ይገባል።»

«በቃ፣ እሱ ነው!» አለ ኢንጂነሩ ደስ ብሎት። «እንግዲህ ደለሉን እንፈልግ።»

በካቻቢቴ ክዳኗን ከፈታት። አንደኛው ቱቦ ውስጡ እንደ መስታወት ነው፣ ፊትህን ያሳያል። ሁለተኛው ጭቃ ነው። የደረቀ፣ ክፍል ክፍል ያለው ጭቃ፣ በየክፍሉ የደረቁ ሸረሪቶች ተጠቅጥቀዋል። የጭቃ ተርብ ቤቷን ሠርታ፣ ስንቋን አስገብታ፣ ልጆቿን አሳድጋ ሄዳለች። ተርቧ ምን ታድርግ? በር ክፍት አገኘች፣ ገባች።

«እዚህ አፍ ላይ ስስ ሽፋን መኖር ነበረበት» አለ ኢንጂነሩ። «ማን ነው ሳያደርግ የሄደው?»

ሰይድ ፊቱ ተለወጠ። ወደ ብረት ቁምሳጥኑ ሄደ፣ ከፈተ፣ አንዲት ነገር ከነላስቲኳ አወጣ። «ይቺ ትሆን?» አለ። «የተከሉት ሰዎች የመጀመሪያውን ቀን እዚህ ትተዋት ሄዱ። 'ምንም ነገር እንዳትነካ' ብለውኝ ነበር። አልነካሁም። በየጁምዓው አቧራዋን ብቻ እጠርግላታለሁ።»

ሽፋኗ ራሷ ናት። ላስቲኳ ንጹሕ፣ አንድ የአቧራ ቅንጣት የለባት። ለሰው ሥራ እንዲህ የታመነ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እነዚያ ደሞ አራት ቡሎን ማሰር ሰንፈው ምሳቸውን ሊበሉ የወረዱ ናቸው። ኮረብታው ላይ ቆሜ የተሳደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ሰይድ «አዑዙ ቢላህ» እያለ ጆሮውን ያዘ።

ጭቃውን በእንጨት ፈለፈልነው፣ ግን ቅሪቱ በደንብ እስኪጠፋ መታጠብ ነበረበት፣ አልኮሉ ደሞ ሮቢት ላይ ቀርቷል። «አረቄስ?» አልኩ። ኢንጂነሩ አየኝና «ዳግም፣ ሁለት ጊዜ የወጣ ከሆነ» አለ። የፀጋዬ እናት ዳግም አረቄ ታወጣለች። ሰይድ ሊያመጣልን ወረደ፤ ሲመለስ ጠርሙሱን በሦስት ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከዱላው ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከራሱ አርቆ ይዞት መጣ።

«እኔ አልነካሁትም፤ ዱላው ነው የተሸከመው» አለ።

«ዱላህ ሰከረ እንግዲህ» አልኩት።

ቱቦው በአረቄ ታጠበ። ጋሽ ታደሰ «ለብረት እንዲህ ይባክናል!» እያለ ከጠርሙሱ በታች የወረደውን በዓይኑ ሸኘው። ሽፋኗን አለበስናት፣ ወጥቼ አሰርኳት። ኢንጂነሩ መለኪያውን ይዞ እዚያው ቀረ፣ እኔ የእጅ ሬዲዮ ይዤ ልሞክር ወደ ስልክ ቤቱ ወረድኩ። ካልሠራች ነገ ተፈትታ ወደ ደሴ ናት፤ «ፈታታችሁ አምጧት» ተብሏል።

ገበያው ሞልቷል፣ ወሬው ደርሷል፣ ስልክ ቤቱ በር ላይ መቆሚያ የለም። ፀጋዬን «ቆቦ አንዱ ቢሮ ደውል» አልኩት። «በቅዳሜ ከሰዓት የቱ ቢሮ?» አለኝ። ሰዉ ሁሉ «ለእትዬ ሀሊማ! ተራው የእሳቸው ነው!» አለ። ተገፍተው ገቡ። ፀጋዬ ቁጥሩን መታ። እጀታውን እንደ ልማዳቸው አፋቸው ፊት አደረጉት፣ ላይኛው ጫፍ ወደ ሰማይ።

«ጆሮዎ ላይ ያድርጉት» አልኳቸው።

ዝም በል በሚል አዩኝ። ፋቲሃ ላይ ነበሩ። ፋቲሃ አይቋረጥም። ሲጨርሱ «ዘሃራዬ፣ እናትሽ ነኝ። ቦራ ላሟ ልትወልድ ነው። ማሽላው አምሯል። አፉ በይኝ» አሉ። ከዚያ እንደለመዱት እጀታውን ሊያስቀምጡ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ይስሙ እንጂ!»

ጆሯቸው ላይ አደረጉት። አገር ጸጥ አለ። ግመል እንኳ አልጮኸም። ትንሽ ቆዩና እጀታውን ለፀጋዬ ሰጡት። ፀጋዬም ሰማ።

«ሿታዋም ጠፋ» አለ። «ድሮ ዝናብ ነበር፤ አሁን ጭራሽ ሞተች።»

ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ «ደህና የምትናገረውን ገደሏት!» ይላል፣ አንዱ «አትንኳት ብለን እኮ ነበር!» ይላል። እትዬ ሀሊማ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ብዬ ነበር፣ የኔ ነገር ነው» እያሉ ወደ በሩ ዞሩ። እኔ ሬዲዮዬን አንስቻለሁ፣ ለኢንጂነሩ «አልሠራችም» ልለው ነው። በሌላው እጄ እጀታውን ለማስቀመጥ ስቀበል እንዲያው ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲማሰል ሰማሁ። ሩቅ አገር የሚነፋ ጡሩንባ ሰማሁ፣ የከተማ ጡሩንባ። ከዚያ ሁሉ ቀረብ ብሎ ደሞ፣ ሰው ንፍጡን ሲስብ።

ስልኩ እየሠራ ነው! ልጅቱ ናት ዝም ያለች! ያን ሁሉ ዓመት ብትናገር እንደማይሰማ ስለገባት ዝም ብሎ መስማት ለምዳለች። እናት መናገር ብቻ፣ ልጅ መስማት ብቻ።

«አንቺ!» ብዬ ጮህኩ። «ተናገሪ እንጂ! ምን ይዘጋሻል!»

«...ይሰማል እንዴ?» አለች። እንዲህ ነው ያለችው፣ በሹክሹክታ።

በሩ ድረስ ሮጬ እትዬ ሀሊማን በነጠላቸው ጎተትኳቸው። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። እጀታውን ጆሯቸው ላይ ለጥፌ ያዝኩት። ፀጋዬ ሰዉን «እሽ! እሽ!» ይላል። ስልኩ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ አጠገባቸው ለቆምነው ሁሉ ይሰማል።

«እማ?»

«ማን ነሽ?»

«እኔ ነኛ። ዘሃራ።»

እትዬ ሀሊማ እጀታውን ከእጄ ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ «ድምፅሽ ጎረነነ» አሏት።

«አድጌ ነዋ፣ እማ።»

«አፉ በይኝ፣ ልጄ።»

«ኧረ ስንቴ አፉ ልበልሽ! መጀመሪያ መጀመሪያ በየቅዳሜው 'ብያለሁ፣ ብያለሁ' እልሽ ነበር። አንቺ ከላይ ከላዬ ስታወሪብኝ ጊዜ ተውኩት። ባለሱቁ ቅዳሜ በርጩማ ያስቀምጥልኛል፣ ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ። ቦራ አምና የወለደችው ወይፈን ሆነ?»

እትዬ ሀሊማ እኛን አዩን፣ አንድ ባንድ፣ ምስክር እንደሚቆጥር ሰው። «ሰምታኛለች» አሉ። «ሁሉንም ሰምታኛለች።» እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ፣ እጀታውን ሳይለቁ፤ እኛም ገመዱ እንዳይበጠስ ስልኩን ከጠረጴዛው አውርደን አጠገባቸው አስቀመጥነው። ውጭ እልልታ ቀለጠ። ሰይድ ከኮረብታው በኩል ዱላውን እያወዛወዘ ሲሮጥ ይታየኛል።

ኢንጂነሩ ሲወርድ ጭቃውን በወረቀት ጠቅልሎ ይዞት ነበር። እትዬ ሀሊማ ተነስተው እጁን ሊስሙ ሲሉ ሸሸ።

«ምን ነበር፣ ልጄ? እውነቱን ንገረኝ፤ የኔ እርግማን ነበር?»

«ተርብ ናት፣ እናቴ። የጭቃ ተርብ። የእርስዎ አይደለም።»

ወረቀቱን ተቀበሉት። ጭቃውን በጣታቸው ነካኩት፣ ፈረካከሱት። የደረቀች ሸረሪት ወደቀች። «ይቺው ናት?» አሉ። ኢንጂነሩ «ይቺው ናት» አለ። «እና ይቺን ለማውጣት ይሄን ያህል ዓመት?» አሉ፣ ሳይቆጡ፣ እንዲሁ ሊገባቸው ፈልገው። ኢንጂነሩ መነጽሩን አወለቀ። ጠርጎ አደረገው፣ እንደገና አውልቆ ጠረገው።

እሑድ ተመለስን። ሰይድ አንድ ቅል ማር፣ ፀጋዬ ከእናቱ የተላከች ትንሽ ጠርሙስ፣ እትዬ ሀሊማ ደሞ አንድ ሸክም ጥንቅሽ ጫኑብን። ጥንቅሹ ወልድያ ላይ አለቀ፣ ጠርሙሷን ጋሽ ታደሰ ወስዷታል። ማሩ ግን ደሴ ገባ። ደሴ ጉሟ ላይ ናት። አለቃችን ቀና ሳይል «ሠራች? ጥሩ» አለና ሻዩን አማሰለ። ማንኪያው ሲጮህ ያቺ የሱቅ ማንኪያ ትዝ አለችኝ፣ ወጥቼ ሄድኩ። ብዙም ሳልቆይ ሥራውን ለቀቅሁ።

አሁን ያ ማማ ዝጓል ይባላል፤ ሌላ፣ ረጅም ማማ አጠገቡ ተተክሏል። ስልክ ቤቱ ሞባይል ቻርጅ የሚደረግበት ሱቅ ሆኗል። እኔም ሞባይል አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ አንድም እንደዚያች «ይሰማል እንዴ?» የመሰለ ነገር አልሰማሁበትም። እትዬ ሀሊማም ሞባይል ይዘዋል አሉ። ሲደወልላቸው መጀመሪያ አፋቸው ፊት ይይዙትና አንድ ፋቲሃ ይቀራሉ፤ የደወለው ሁሉ ይጠብቃል፣ ለምዷል። አንዳንዴ ደሴ ሲዘንብ፣ ቆርቆሮው ሿ ሲል፣ ያ ኮረብታ፣ ያ ማሽላ፣ የሰይድ ዱላ ይናፍቀኛል።

እንግዲህ እናንተ! ሽፋኗን ከነላስቲኳ ጥላችሁ የወረዳችሁ፣ እናንተም ደሞ ቢሮ ተቀምጣችሁ «በሂደት ላይ ነው» እያላችሁ ሻይ ያማሰላችሁ! አንዲት እናት የእናንተን ስንፍና የራሷ እርግማን ነው ብላ ያን ሁሉ ቅዳሜ ይቅርታ ስትለምን ኖራለች። ከመሀላችሁ አንድ ሰው እንኳ ሀሮ ዲማ ወርዶ እትዬ ሀሊማን «አፉ ይበሉን» ብሏቸዋል?